ከዘይቱ ሥር የተኛው ውሃ

ዋለ የሚባለው ጀልባ ነጂ አስከሬኑ የተገኘው ከመሻገሪያው ዝቅ ብሎ፣ የጓንግ ወንዝ ከሚታጠፍበት፣ በሾላ ዛፍ ሥሮች መካከል ተሰክቶ ነው። ኢንስፔክተር አይናዲስ ከገንዳ ውሃ ከተማ ስትደርስ ሰዎቹ አውጥተው ዳር ላይ አስተኝተው፣ ባዶ የሰሊጥ ጆንያ አልብሰውታል። ዘመኑ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ መስከረም ነው። ወንዙ ከክረምቱ ገና አልጎደለም፤ እንደ አተላ ደፍርሶ ይግተለተላል። ከአስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣ ዝንብ የምታባርረው የእርሻ ካምፑ ወጥ ሠሪ ውቢት ብቻ ነበረች። ወንዱ ሁሉ ከፍ ብሎ ካለው መጋዘን በር ላይ ተሰብስቦ ይጮሃል።

«ምን ሆነው ነው የሚጮሁት?» አለች አይናዲስ።

«መካኒኩን አውጡልን እያሉ ነው፣ የኔ እመቤት። ሞተሩን በደንብ ሳይሠራ ዋለን ያስበላው እሱ ነው ብለው። እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ...» ውቢት የቀረውን በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው።

አይናዲስ ቀና ብላ አየች። ቀድሟት የመጣው ኮንስታብል ሙሉአለም በሩን ደግፎ ቆሟል። ከፊቱ ዱላ የያዘ ብዙ ሰው፣ ከኋላው አንዲት የቆርቆሮ በር። ከበሩ ጀርባ መካኒኩ ሙሐመድጣሂር ተዘግቶበታል። እውነቱ ዛሬውኑ ካልተገኘ ያቺ በር ሰውየውን እንደማታድነው ለአይናዲስ ወዲያው ገባት።

እንዲያም ሆኖ አልቸኮለች። አይናዲስ አርባን የዘለለች፣ ሞላ ያለች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ «አይናዲስ ከጠየቀችህ መልሱን ቀድማ አውቃዋለች ማለት ነው» እያሉ ያሟታል። ሐሜቱ ልክ አይደለም። ብዙውን ጊዜ መልሱን አታውቀውም፤ የምታውቀው ሰው በአፉ እንደሚዋሽ፣ የለመደውን ሥራ ሲሠራ ግን እጁ መዋሸት እንደሚያቅተው ነው።

ጆንያውን ገለጠች። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ከራስ ቅሉ ኋላ አንድ ሰፊ ቁስል አለ። ወደ እግሩ ወረደች። የላስቲክ ጫማው በሁለቱም እግሮቹ ላይ እንደታሰረ ነው። እዚያ ላይ ዐይኗ ቆየ።

«እት ውቢት፣ ዋለ ጀልባ ሲነዳ ጫማ ያደርጋል?»

«ዋለ?» ውቢት ከእንባዋ መሃል የመሳቅ ያህል ቃጣት። «ቢሞት! ጀልባ ላይ በጫማ ወጥቶ አያውቅም። "ውሃ ላይ ጫማ ያደረገ መስጠም ያማረው ነው" ይል ነበር። ያቺን ጠፍጣፋ ድንጋይ ያዩዋታል? እሷ ላይ አስቀምጦ ነው የሚሳፈረው። እኛም ጫማው ድንጋዩ ላይ ካለ ዋለ ወንዙ ላይ ነው፣ ከሌለ ደግሞ ካምፕ ውስጥ ነው ብለን ነው የምንፈልገው።»

«ትናንት ማታ አይተሽው ነበር?»

«አጥሚት አሠርቶኛል፤ በፔርሙስ ሙይልኝ፣ ሲነጋ እወስደዋለሁ ብሎ። ለማን ነው ብለው ለእንግዳ ነው አለኝ። ሳይወስደው ቀረ፤ ይሄው እንደተሞላ ተቀምጧል።»

«ካምፑ ውስጥ የታመመ ሰው አለ?»

«ኧረ እግዜር ይመስገን፣ ሁሉም ደህና ነው።»

አይናዲስ ጆንያውን መልሳ አለበሰችውና ጉልበቷን እያሻሸች ወደ መጋዘኑ ወጣች። ሲጮሁ የነበሩት ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱ፣ ወደ ማዶ ለመሻገር ተራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዋለ እያሳቀ የሚያሻግራቸው፣ የታከተውን በነፃ የሚያሳፍር ወዳጃቸው ነበርና ሐዘናቸው እውነተኛ ነው። እውነተኛ ሐዘን ደግሞ ዱላ ሲይዝ አያድርስ ነው።

«ዱላችሁን አልቀማችሁም» አለቻቸው። «ሰው ሳትለዩ ካነሳችሁት ግን ነገ የምትቆጩት እናንተው ናችሁ። እስኪመሽ ስጡኝ።»

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ባፈና ወደ ፊት ወጣ። «እስኪመሽ እንሰጥዎታለን። ከመሸ በኋላ ግን እኔም ልጆቹን አልችላቸውም» አለ።

ከመጋዘኑ ጎን ራኩባ የሚሉት በሣር የተከደነ ጥላ አለ። አይናዲስ የእርሻውን ባለቤት አቶ ቸሩን እዚያ አስቀመጠቻቸው። አቶ ቸሩ የጎንደር ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ዐይናቸው ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ካለው ሰሊጥ ላይ ያርፋል።

«ሰሊጥ እንደ ሌላ እህል አይደለም፣ ኢንስፔክተር። ደርሶ ካልታጨደ አፉን ይከፍትና ፍሬው መሬት ይቀራል። ወደ ማዶ የሚያሻግረኝ ደግሞ ከባሕር ዳር በጭነት መኪና ያስመጣሁት ጀልባ ብቻ ነው።»

«ሞተሩ ተበላሽቶ ነበር አሉ።»

«ሰሞኑን ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገባ። የዘይት መለኪያውን ብናወጣው ሻይ በወተት መስሎ ወጣ፤ ሁላችንም ቆመን አይተነዋል። ሙሐመድጣሂርን ከመተማ ዮሐንስ አስመጣሁት፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ነው ብሎ ለወጠው። ዘይቱንም አዲስ ሞላ። ትናንት ማታ ተሞከረና ደህና ነው ተባለ። ዛሬ ጠዋት ጀልባዋን ከታች ተጠግታ ስናገኛት መለኪያው ላይ እንደገና ውሃ አለ። ከወንዙ መሃል ሞተር ከጠፋብህ ጓንግ ማንን ይምራል?»

ጋርኒሲዮን የሚሉት ቴስታታ በሚባለው የሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል የሚገባ፣ ውሃና ዘይት እንዳይገናኙ የሚለያይ ስስ ሽፋን ነው። እሱ ከተበሳ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፤ የተቀላቀለ ዘይት ደግሞ ብረት ማለስለሱን ይተዋል።

«ማዶ ያሉት ሠራተኞችስ ደህና ናቸው?»

«እነሱን የሚከታተላቸው ካቦው ቢሆነኝ ነው። ደህና ናቸው ብሎኛል።»

ካቦው ቢሆነኝ ፀሐይ ያከሰለው ቀጭን ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ጎህ ሲቀድ ዋለ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰማሁት» አለ። «እስከ መሃል ደህና ሄደ። ከዚያ ግርር ብሎ ድምፁ ተቆረጠ። ሮጬ ስወርድ ጀልባዋ ባዶዋን ትንሳፈፋለች።»

«ሌላ የሰማ ሰው ግን አላገኘሁም።»

«ወንዙ ይጮሃላ፣ ኢንስፔክተር። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ ነው።»

«በዚያ ሰዓት ለምን ሊሻገር ተነሳ?»

«ሊሞክራት ይሆናል። እኔ አላዘዝኩትም።»

አይናዲስ ወደ ማዶ ተመለከተች። ከማዶው ዳር፣ ረጅም እንጨት ላይ የታሰረ ነጭ ጨርቅ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ንፋስ አልነበረም።

«ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

«ወፍ ማባረሪያ ነው። ሠራተኞቹ ናቸው የሚያወዛውዙት።»

«እህ። ማዶ ማሽላም ዘርታችኋል?»

«የለም፣ ሰሊጥ ብቻ ነው።»

«እሺ» አለች አይናዲስ። አባቷ አብርሃ ጅራ በሚባል አገር ሰሊጥ ሲያርሱ አይታ ያደገች መሆኗን ለካቦው መንገር አላስፈለጋትም። «ካቦ ከመሆንህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?»

«ትራክተር ነጂ ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ያለቀው መሪ ላይ ነው። ካቦ ያደረጉኝ አቶ ቸሩ ናቸው። ለእኔ አባቴ ማለት ናቸው።» ይህን ሲል ድምፁ ውስጥ ውሸት አልነበረም።

መካኒኩ ሙሐመድጣሂር መጋዘን ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ጎልማሳ ነው፤ እናቱ የሱዳኗ ገላባት ሰው፣ እሱ ግን መተማ ዮሐንስ ተወልዶ ያደገ። ከውጭ ጩኸት በተሰማ ቁጥር ትከሻው ይሰበሰባል።

«ወላሂ፣ እትዬ፣ የሠራሁት ሥራ ተማም ነው፣ አንድ እንከን የለበትም! ሥራዬ ነው የገደለው ከተባለ እሺ እሰሩኝ፤ ለእነዚያ ብቻ አትስጡኝ። ልጄን ልድር ነው። ሥራውን ጨርሼ ለሠርጓ እመለሳለሁ ብያት ነው የመጣሁት።»

«ስሜትህን ሰብሰብ አድርግና መልስልኝ። ጋርኒሲዮኑ ቢበሳ ዘይቱ ውስጥ የሚገባው የየት ውሃ ነው?»

«የወንዙ ነዋ! ይሄ ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። ወንዙን ራሱን እየሳበ ይቀዘቅዛል፣ መልሶ ይተፋዋል። ውሃ አንጨምርለትም።»

«ዘይቱ ሻይ በወተት የሚመስለውስ?»

«ሞተሩ ሲዞር ይንጠዋላ። ልክ እንደ ወተት።»

«ባይዞርስ?»

ሙሐመድጣሂር እሷ ከገባች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። እሷ ግን መልሱን አልጠበቀችም።

«ዋለን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ማታ። ሞተሩን ስገጥም አጠገቤ ተቀምጦ ቶሎ በል፣ ሰው ይጠብቀኛል ሲለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ጀልባዋ ከመታጠፊያው በላይ ዳር ላይ ታስራለች። አይናዲስ ጫማዋ ጭቃ እየዋጠ ወረደች፤ ሙሉአለም ተከተላት። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ እስከ ታች አስገቡና ሙሉአለም ቀስ ብሎ ሳበ። የመጣውን በአንድ ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበለችው። መጀመሪያ የመጣው ውሃ ነው። ከዚያ ቱቦውን ከፍ ሲያደርጉት ዘይት መጣ። በሌላ ጠርሙስ ደግሞ ከላይ ከላይ ያለውን ዘይት ብቻ ለይታ ወሰደች።

የመጀመሪያውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ከታች ውሃ፣ ከላይ ዘይት፤ እንደ ተኮራረፉ ባልና ሚስት አንድ ቤት ውስጥ ለየብቻ ተኝተዋል። ውሃው ኩልል ያለ ነው።

«እንግዲህ ውሃ አለ ማለት ነው» አለ ሙሉአለም ቅር ብሎት። «መካኒኩ አበቃለት።»

«ውሃ መኖሩንማ ሰው ሁሉ አይቷል» አለች አይናዲስ። «እኔን የጨነቀኝ የውሃው አተኛኘት ነው። ጣሳ ፈልግልኝ።»

ከዚያ የሠራችው ነገር ለሙሉአለም ጨዋታ መሰለው። አቶ ቸሩን ብቻቸውን ጠርታ ጣሳውን ሰጠቻቸውና «ሞተሩን ልሞክረው ስለሆነ ለሞተሩ ውሃ ያምጡልኝ» አለች። አቶ ቸሩ ግራ ተጋብተው እሷንም ጣሳውንም አዩ፤ ከእግራቸው ሥር ከወንዙ ጨለፉና ድፍርሱን ሰጧት። ቀጥላ ቢሆነኝን ጠርታ ያንኑ ጣሳ፣ ያንኑ ቃል ሰጠችው። ቢሆነኝ አንድ ቃል ሳይጠይቅ ጣሳውን ተቀበለ፤ ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ ዳገቱን ወጣና ውቢት የምታጠራቅመው የመጠጥ ውሃ በርሜል ዘንድ ሄደ። በዚያ አገር በክረምት የወንዝ ውሃ እንዲሁ አይጠጣም። ሽብ የሚባለው ማጥሪያ ተደርጎበት፣ ጭቃው እስኪዘቅጥ ይቆያል። ቢሆነኝ ክዳኑን ገፋ አድርጎ፣ ዝቃጩን ሳያናውጥ ከላይ ከላይ ቀዳና ሞልቶ አመጣላት።

አይናዲስ ተቀብላ ጠጣችው። «ጥሩ ውሃ ነው፤ እግዜር ይስጥህ» አለችው።

ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ስታዘነብል ሁሉንም ራኩባው ሥር ሰበሰበቻቸው። አቶ ቸሩ ወንበር ላይ ናቸው፤ ቢሆነኝ ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ሙሐመድጣሂርን ሙሉአለም ክንዱን ይዞ አመጣው። ባፈናና ጓደኞቹ ከነዱላቸው ከፊት ቁጢጥ ብለዋል። ውቢት በትእዛዟ መሠረት ከሰል አያይዛ የብረት ዝርግ ጥዳለች፤ ብረቱ ግሏል።

«እኔ መካኒክ አይደለሁም» ብላ ጀመረች አይናዲስ። «ግን ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። የተነገረኝ እንዲህ ነው፦ ዋለ ጎህ ሲቀድ ሞተር አስነሳ፣ ጋርኒሲዮኑ ተበሳና ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገባ፣ ሞተሩ መሃል ላይ ጠፋ፣ ዋለ ወደቀ። ይህ እውነት ከሆነ ጥፋተኛው መካኒኩ ነው። እንዲህ አይደል?»

«ሌላ ምን አለ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይህ ዛሬ ከሞተሩ የወጣ ዘይት ነው፤ ከላይ ያለው።» በእንጨት ጫፍ ነክራ አንድ ጠብታ በጋለው ብረት ላይ ጣለች። ጠብታው ተንጣለለ፣ ጥቂት ጨሰ፤ ድምፅ አላሰማም። «አሁን ይህንን ተመልከቱ።» ውሃና ዘይት ለየብቻ የተኙበትን ጠርሙስ ከድና በደንብ ናጠችው። በዐይናቸው ፊት ሻይ በወተት መሰለ። ከዚያም ላይ አንድ ጠብታ ብረቱ ላይ ጣለች። «ጠሽ! ጠሽ!» ብሎ ተንጣጣና ወደ ውቢት ተፈናጠረ፤ ውቢት ቀሚሷን ሰብስባ ሸሸች።

«ውሃ ያለበት ዘይት ብረት ላይ ይጮሃል፤ የሌለበት ዝም ይላል» አለች አይናዲስ። «አንድ ዙር እንኳ ሞተሩ በዚህ ውሃ ላይ ቢዞር ኖሮ ከላይ እስከ ታች ይናጥና ዘይቱ ሁሉ ይነጣ ነበር፤ ጠብታውም ይጮህ ነበር። ያገኘሁት ግን ንጹሕ ዘይት፣ ከሥሩ የተኛ ውሃ ነው። ውሃው ከገባ ወዲህ ይህ ሞተር አልተነሳም። እስከ ወንዙ መሃል ሲሄድ ሰማሁት ያለ ሰው ያልነበረ ድምፅ ነው የሰማው።»

የሰዉ ዐይን ወደ ምሰሶው ዞረ። ቢሆነኝ አልተነቃነቀም።

«ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቀስ ብሎ የገባ ቢሆንስ?» አለ በተረጋጋ ድምፅ። «ሞተር ቆሞም ውሃ ያስገባል።»

«ጥሩ አልክ። እኔንም ያስጨነቀኝ እሱ ነበር።» ከእግሯ ሥር ሌሎች ሁለት ጠርሙሶች አነሳች። «ይህ ከጓንግ አሁን የቀዳሁት ነው።» ድፍርስ ነው፤ ጣት አያሳይም። «ይህ ደግሞ ከሞተሩ ሥር የወጣው ውሃ ነው፤ ከዘይቱ ለይቼ ያስቀመጥኩት።» በሁለተኛው ጠርሙስ ውስጥ የባፈና ፊት ከወዲያ በኩል ታየ። «ይህ ሞተር የሚጠጣው ወንዙን ነው። ጋርኒሲዮኑ ቢበሳ የሚገባው ጭቃ ነው። ይህንን የጠራ ውሃ ወንዙ አላስገባውም፤ የሰው እጅ አፈሰሰው። ጋርኒሲዮኑም እንደተሠራ ደህና ነው።»

ሙሐመድጣሂር በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። «አልሐምዱሊላህ» ሲል ተሰማ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም።

«እንግዲህ ማን አፈሰሰው? መካኒኩ የራሱን ሥራ ለማሰደብ ውሃ አይጨምርም። ዛሬ ሁለት ሰው ለሞተሩ ውሃ አምጡልኝ ብዬ ልኬ ነበር። ከወንዙ ዳር ቆመን አቶ ቸሩ ከእግራቸው ሥር ጨለፉ፤ ማንም ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። አንድ ሰው ግን ወንዙን ጥሎ ዳገት ወጣና የጠራ ውሃ ይዞ መጣ። ዕድሜውን ትራክተር ላይ የፈጀ ሰው ድፍርስ ውሃ ሞተር ውስጥ አይጨምርም፤ ራዲያተር ይደፍናል። ጭንቅላቱ ሌላ ነገር ሲያስብ እጁ የለመደውን ይሠራል። ዛሬ ጎህ ሲቀድም፣ ዋለን ከገደለ በኋላ፣ ያ እጅ የለመደውን ሠራ።»

«የጠራ ውሃ ማንም ይቀዳል!» ቢሆነኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። «በአንድ ጣሳ ውሃ ሰው ነፍሰ ገዳይ ይባላል እንዴ? አቶ ቸሩ፣ ዝም ይላሉ?»

አቶ ቸሩ ፊታቸውን ወደ ማዶው ሰሊጥ መለሱ።

«በጣሳው ብቻ አልልህም» አለች አይናዲስ። «የዋለ ጫማ እግሩ ላይ ነው የተገኘው። ዋለ ሲሳፈር ጫማውን ያወልቃል፤ ወንዝም ቢሆን ከሰው እግር ጫማ ያወልቃል እንጂ ጫማ አያደርግለትም። ዋለ የተመታው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ሌላው አጥሚቱ ነው። ካምፑ ውስጥ የታመመ የለም፤ ዋለ ግን ለበሽተኛ የሚሆን አጥሚት አሠርቶ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። የሚጠብቀው ሰው ታዲያ የት ነው?» ወደ ማዶ አመለከተች። ነጩ ጨርቅ አሁንም ይወዛወዛል፤ ከጠዋቱ ይልቅ ግን ደክሟል። «ያ ወፍ ማባረሪያ ነው ተብያለሁ። እኔ የአብርሃ ጅራ ልጅ ነኝ፣ ቢሆነኝ። ወፍ የምትፈጀው ማሽላ ነው። ሰሊጥን ከወፍ የሚጠብቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ባፈና ከቁጢጡ ተነሳ። «ማዶ የታመሙ ሰዎች አሉ?» አለ፤ ጥያቄው ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

«አሉ» አለች አይናዲስ። «የሚጮኹትን ወንዙ ስላሰጠመው ነው ያልሰማነው። አሁን ሙሐመድጣሂር ዘይቱን ለውጦ ሞተሩን ያስነሳልኛል፤ ተሻግሬ አመጣቸዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ዳር ሲያዩ፣ የዋለን መምጣት ሲጠብቁ ያደሩ ሰዎች ናቸው። ጎህ ሲቀድ እዚህ ዳር ላይ ስንት ሰው እንደቆመ፣ ከእነሱም ማን እንደወደቀ እነሱን እጠይቃቸዋለሁ። እስከዚያ የምትለኝ ካለህ አሁን በለኝ።»

ቢሆነኝ ማዶውን አየ። ከዚያ በምሰሶው ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወባ ነው» አለ። «ከሰሞኑ ጀምሮ ነው የያዛቸው። ዋለ ላሻግራቸው አለኝ። በሽተኛ ከተሻገረ ሌላውም ያመኛል እያለ ይከተላል፣ እዚህ ዳር ከደረሰ የተሻለ ሒሳብ ወደሚሰጥ እርሻ ይነጉዳል፣ ሰሊጡን ማን ያጭደዋል አልኩት። ዛሬ ሲነጋጋ ጀልባውን ሊፈታ ሲወርድ ደረስኩበት። "ሰው እየሞተ ስለ ሰሊጥ ታወራለህ?" አለኝና ገፈተረኝ። መቅዘፊያው እጄ ገባ። አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ልገድለው አልነበረም፣ በእናቴ አጥንት! ሳነሳው ግን ጭንቅላቱ አልቆም አለ።»

«ከዚያ ወንዝ ውስጥ ገፋኸው» አለች አይናዲስ።

«ጓንግን የሚያውቅ ሰው ዝም ብሎ ሰጠመ ቢባል ማን ያምናል? ሞተሩ ከዚህ በፊት እንደተበላሸ ሁሉም አይቷል። ውሃ ጨመርኩበትና ጀልባውን ለቀቅሁት።» ፊቱን ወደ አቶ ቸሩ አዞረ። «ሰሊጡ ሳይገባ አንድ ሰው እንዳይሻገር አላሉኝም? እርስዎ አይደሉም ያሉኝ?»

አቶ ቸሩ ከወንበራቸው ተነሱ። «ታመዋል ብለህ መቼ ነገርከኝ?» አሉ፤ ድምፃቸው የሽማግሌ ሆነ።

«እርስዎንም የምጠይቅዎ አለ» አለች አይናዲስ። «እሱን ገንዳ ውሃ እንነጋገራለን። አሁን የሚያስፈልገኝ አዲስ ዘይት ነው።»

ዘይቱ ከመጋዘን መጣ። ሙሐመድጣሂር የነበረውን መጥጦ አወጣ፤ ቋቱን በትንሽ ንጹሕ ዘይት አለቀለቀና እንደገና ሞላው። ጠዋት በዱላ ሲፈልጉት የነበሩት ሰዎች አሁን ጀሪካን ያቀብሉታል፤ ዐይኑን ግን አያዩትም። ባፈና ብቻ ቀረበው።

«ወንድሜ፣ ነፍስህን ልናጠፋ ነበር። ይቅር በለን።»

«ኋላ፣ አባቴ፣ ኋላ» አለ ሙሐመድጣሂር። «ይመሻል።»

ሞተሩ አንዴ አጉረምርሞ ተነሳ። ሙሐመድጣሂር መለኪያውን አውጥቶ አየ፤ በጣቶቹ አሻሸው፤ አዲስ ማር መስሎ ይወርዳል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለውና ከጀልባው ወርዶ ወደ ጠፍጣፋው ድንጋይ ሄደ። ጫማውን አወለቀ፤ ሁለቱንም ጫማ አጠጋግቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠ። ውቢት ይህንን ስታይ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ጩኸት ለቀቀችው።

አይናዲስም የፖሊስ ጫማዋን ማሰሪያ ፈታች። ጉልበቷ አልታጠፍ ብሏት ስትታገል ሙሉአለም ሊያግዛት ጎንበስ አለ፤ «አንተ እስረኛህን ጠብቅ» ብላ መለሰችው። ትልልቅ ጫማዎቿን ከመካኒኩ ጫማ አጠገብ አኖረች። ዐይኗ ረጥቦ ስለነበር ማንም እንዳያያት ቶሎ ብላ ተሳፈረች። ውቢት አጥሚቱን እንደገና አሙቃ ፔርሙሱን አቀበለቻት።

ጓንግ ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ ናጣት፤ ሞተሩ ግን አልሳለም። ማዶ ሲደርሱ ጨርቁን ሲያወዛውዝ የዋለው ሰው እንጨቱን እንደያዘ ጭቃው ላይ ተቀመጠ፤ የመቆም ኃይል አልነበረውም። ከኋላው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በሽተኞቹ በሰሊጥ ነዶ ላይ ተኝተዋል። ሁሉም ይተነፍሳሉ። አይናዲስ ይህን ሳታረጋግጥ አልተነፈሰችም።

ትኩሳቱ የባሰበትን ወጣት ደግፈው አሳፈሩት። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከፔርሙሱ ክዳን አንድ ሁለት ጉንጭ ወሰደ፤ ከዚያ ሞተሩ ዘንድ የተቀመጠውን የማያውቀውን ሰው ትኩር ብሎ አየው።

«ዋለስ?» አለ። «መጥቼ እወስዳችኋለሁ ብሎን ነበር።»

ሙሐመድጣሂር መሪውን ወደ ካምፑ እያዞረ ዐይኑን ከውሃው ላይ ሳያነሳ መለሰለት።

«የላከኝ እሱ ነው» አለው። «ጠጣ፣ እንዳይቀዘቅዝብህ።»